ሳይታዘዝ የሞላ ገበታ

ለሥልጠና ጃካርታ በቆየንበት ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ፣ አብሮን ይሠለጥን የነበረ የፓዳንግ ተወላጅ እኛን አራቱን ከአዲስ አበባ የመጣን ባልደረቦች ሳባንግ በሚባለው መንገድ ላይ ወዳለች የአገሩ ምግብ ቤት ይዞን ሄደ። ፓዳንግ በኢንዶኔዥያ የምዕራብ ሱማትራ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስትሆን የአካባቢው ሕዝብ ሚናንግካባው ይባላል። ወንዶቹ ከጥንት ጀምሮ ከቀያቸው ወጥተው በሰው አገር ሠርቶ የማደር ልማድ ስላላቸው፣ ምግባቸውም አብሯቸው ተጉዞ ዛሬ በኢንዶኔዥያ ከተሞች ሁሉ ይገኛል።

ገና ከመቀመጣችን አስተናጋጁ ከመዳፉ እስከ ክንዱ ድረስ ከአሥር በላይ ሳህኖች ደራርቦ መጣና አንድ ጠብታ ሳያፈስ ጠረጴዛውን ሞላው። አንዷ ባልደረባችን ደንግጣ «ይህን ሁሉ ማን አዘዘ?» አለች። ጋባዣችን ሥርዓቱን አስረዳን፤ ቤቱ ያለውን ሁሉ ያቀርባል፣ ሒሳቡ የሚታሰበው ግን በተበላው ብቻ ነው፣ ያልተነካውም ይመለሳል። እንግዳን ይህን ያህል የሚያምን ምግብ ቤት ከዚያ በፊት አላየሁም።

መጀመሪያ እጄን የሰደድኩት ወደ ሬንዳንግ ነው። የበሬ ሥጋ በኮኮናት ወተት፣ በቃሪያ፣ በዝንጅብል፣ በጠጅ ሣርና በእርድ ቅጠል ተደርጎ ለሰዓታት በዝግታ ይበስላል። መረቁ ገና ቀጭን ሳለ ጉላይ፣ ሲወፍር ካልዮ ይሉታል፤ የኮኮናቱ ወተት ተንኖ ቅባቱ ሲወጣና ሥጋው በዚያው ቅባት እየተጠበሰ ሲጠቁር ነው ሬንዳንግ የሚባለው። እናቴ የዶሮ ወጥ ቁሌት ስታበስል ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሽንኩርቱን ሳትሰለች ስታማስል የኖረችውን ትዕግሥት በዚያች ጥቁር ቁራጭ ውስጥ አገኘሁት። ሥጋው በጣት ሲነኩት በጭረቱ ይለያያል፤ ማቃጠሉ የሚመጣው ቆይቶ፣ ጣፋጩ የኮኮናት ጣዕም ካለፈ በኋላ ነው።

የሚበላው በቀኝ እጅ ስለሆነ እኛ ምንም አልተቸገርንም፤ ያስቸገረን ሩዙ ነበር። እንጀራ ወጡን ይዞ ይነሣል፣ ሩዝ ግን ከጣት ይበተናል። ጋባዣችን በጣቶቹ ጫፍ ጨበጥ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ወደ አፉ እየገፋ ደጋግሞ አሳየን። ለእጅ መታጠቢያ ሎሚ የተጣለበት ውኃ በትንሽ ሳህን ቀርቦልን ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ነውና ከመካከላችን አንዱ ይጾም ነበር። ጋባዣችን ይህን ሲሰማ አስተናጋጁን «ኡዳ» ብሎ ጠራው፤ በእነርሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ሥጋም ቅቤም ያልነካው የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀለት፣ የተቀቀለ የካሳቫ ቅጠልና የተጠበሰ ቴምፔም አስመረጠለት። ቴምፔ አኩሪ አተር እንዲብላላ ተደርጎ እንደ ቂጣ ሲያያዝ የሚሠራ የጃቫ ደሴት ምግብ ነው፤ ጿሚው ባልደረባችን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ለእምነታችን የተደረገልንን ይህን ጥንቃቄ ከምግቡ እኩል አስታውሰዋለሁ።

በመጨረሻ አስተናጋጁ መጥቶ የተነኩትን ሳህኖች በዓይኑ እየቆጠረ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከሬንዳንጉ ሳህን የቀረው ቅባቱ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ጋባዣችን በሩዝ ጠርጎ ለእኔ አጎረሰኝ።