ኮምቦልቻ እያደሩ ደሴ መዋል

ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ የሚውል ሰው ብዙ ነው፤ ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚገባውም እንደዚያው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሀረጎ ዳገት ስላለበት እንደ ሜዳ መንገድ አይቆጠርም። የምኖርበት ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከባቲ የመጣው ኦሮምኛ ተናጋሪም፣ ለፋብሪካ ሥራ ከደጋ የወረደውም በአንድ የግቢ በር የሚገባበትና የሚወጣበት ነው። በሃይማኖትና በቋንቋ ተሰባጥሮ መኖሩን ወሎ ድሮ ለምዶታል። ተመላላሹን ከጎረቤቱ የሚያርቀው ሰዓቱ ነው፦ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሰው ለቅሶውም ቡናውም ውሃውም ያመልጠዋል። ስለዚህ የኑሮዬን አያያዝ ሁሉ ያዋቀርኩት በዚህ ሰዓት ዙሪያ ነው።

ከመንገዱ ልጀምር። ሥራ 2:30 የሚገባ ሰው ከቤት 12:30 መውጣት አለበት። ባጃጁ፣ መናኸሪያ ተራ መጠበቁና ዳገቱ ተደምረው ጥሩ ቀን አንድ ሰዓት፣ መጥፎ ቀን ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ሰኞ ግን ሌላ ቀን ነው። የደሴው ሰኞ ገበያና የባቲው ገበያ ሁለቱም ሰኞ ስለሚውሉ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ሰውም ጭነትም በሁለት አቅጣጫ ይሻማል። ሰኞ ሰኞ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ፤ ከሥራ ስመለስም ገበያተኛው ጭነቱን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ለመሳፈር እሞክራለሁ። ዝርዝር ብር ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይኑር። በጠዋት ከረዳት ጋር መልስ እየተጠባበቁ መጨቃጨቅ የሁሉንም ተሳፋሪ ሰዓት ይበላል።

ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ በአንድ ሰዓት ጉዞ አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይመጣል። ኮምቦልቻ ላይ ሹራብ የሚያስፈልግ አይመስልም፤ ሀረጎ ላይ ጉም ሲገጥም ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ ይኖራል። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ኮፍያ አይረሳ።

ስለ መኪና ምርጫ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ቁልቁለቱን ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ ሊወርድ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን የሚለቅ ከሆነ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ምልክቱ ሽታ ነው፦ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል፣ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ ከእግር በታች ይመጣል። ያ ሽታ ሲመጣ ዝም አልልም። «ወንድም፣ ፍሬኑ ሸቷል፤ እባክህ ጥግ ይዘህ ትንሽ አብርደው» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ሌላው ተሳፋሪም ያግዛል። ጎማው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት አይገባም፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አቁሞ መጠበቅ ነው። የጂቡቲ ጭነት የያዘ ተሳቢ ከፊት ካለም ሾፌሩ ኩርባ ላይ እንዲቀድም መገፋፋት የለብንም። አስር ደቂቃ ቢያረፍድ ነው።

አሁን ወደ ግቢው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ እኔ ደሴ ነኝ። መፍትሔው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ነው፦ 120 ሊትር ለሁለት ሰው ቆጥቦ ለተጠቀመ ሦስት ቀን ይደርሳል። ጀሪካኖቹን ጠዋት ስወጣ ቧንቧው አጠገብ ደርድሬ፣ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር ቋጥሬ እተዋለሁ። ክሩ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ቢጫ ጀሪካን ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የጠብ መነሻ የሚሆነው አለመለየቱ ነው። የምትቀዳልኝ ጎረቤት አለች፤ የውሃውን ቢል በየወሩ ግማሹን እከፍላለሁ፣ ከደሴ የሚፈለግ ነገር ሲኖርም አመጣለሁ። ይህን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። «ካስቸገርኩሽ ንገሪኝ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ማንም አስቸገርከኝ አይልም፤ ቅሬታው ግን ውስጥ ውስጡን ያድጋል።

መብራትም እንዲሁ። አንድ ቆጣሪ ለአራት ቤት ከሆነ ሂሳቡን በራስ ቆጥሮ መካፈል ፍትሐዊ አይሆንም። ታሪፉ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው ዋጋም የሚጨምርበት በመሆኑ፣ ቆጣሪ የሚጋሩ ቤቶች በአንድነት ወደ ውዱ እርከን ይወጣሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሁለት ምጣድ ባንዴ ሲለኮስ ግቢው ሁሉ ይጨልማል። ለዚህ የሠራልን የምጣድ ተራ ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋግር ቤት ቀኑን ይመርጣል፣ ክፍያው ሲሰላም ምጣድ ያለው ቤት ድርሻ ይጨምራል። የእኔ ተራ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ከሁሉ የከበደኝና ብዙ ያሰብኩበት ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። የሙስሊም ቀብር አይዘገይም፤ ሌሊት ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ከዙሁር (የቀትር) ወይም ከአስር (የከሰዓት በኋላ) ሶላት ቀጥሎ ይቀበራል። ደሴ ሆኖ ስልክ የደረሰው ሰው ለዙሁሩ አይደርስም፤ ለአስር ግን ከ8 ሰዓት በፊት ከተነሳ ይደርሳል። የክርስቲያን ቀብር ዘመድ እስኪሰበሰብ ስለሚጠበቅ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። ለሁሉም መድረስ እንደማልችል ሲገባኝ የቅሬውን ዳኛ አነጋገርኩና የማታ ሥራ ተቀበልኩ፦ ለቅሶ ቤት ማደር፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳን መንቀል፣ ወንበርና ብርጭቆ ቆጥሮ ማስረከብ። ቆጠራው በፋኖስም ቢሆን በዚያው ሌሊት ማለቅ አለበት፤ ለጠዋት ከተተወ እቃ ይጎድላል፣ የጎደለውም ለቀስተኛው ላይ ይወድቃል። ቀን ያልመጣ ሰው ማታ ሲያድር ይታያል፤ መቀጫ ከመክፈል በእጅጉ ይሻላል።

ለቅሶ ሲደርሱ አነጋገር ይለያል። ሙስሊም ቤት «አላህ ይዘንላቸው፣ ጽናቱን ይስጣችሁ» ይባላል፤ ክርስቲያን ቤት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ»። የተሳሳተ ሰው አይወቀስም፤ የተጠነቀቀ ግን ይወደዳል።

ድግስ ላይ ትልቁ ጉዳይ ሥጋ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሌላውን እርድ አይበሉም፤ ስለዚህ ሁለት ማጀት ይዘጋጃል። እኔ ደግሼ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሙስሊም እንግዶቼ ሠላሳ ያህል ከሆኑ አንድ ደህና በግ ከሁለት ቀን በፊት ከነነፍሱ ለሙስሊም ጎረቤቴ አስረክባለሁ፣ የሽንኩርቱንና የቅመሙን ብር ጨምሬ። አራጅ ይጠራል፣ በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ቢላዋ ይሠራል። እኔ ቤት አርጄ ልላክላችሁ ማለት አይሆንም፤ ድስቱን ብቻ መለየትም አይበቃም፣ ጭልፋና ትሪ አብረው ይለያሉ። ምስር ወጡና ሽሮው ለሁሉም አንድ ነው፤ ቅቤ ካልገባበት የሚጾመውም ይበላዋል። መጠጡ ቀሪቦ ነው። ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ሲበርድ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይገባበታል። ማታ ተጠምቆ በማግስቱ እስከ እኩለ ቀን መጠጣት አለበት። ሁለት ሌሊት ካደረ ስለሚፈላና ወደ አስካሪነት ስለሚሄድ ለሙስሊም እንግዳ አይቀርብም።

ረመዳንና ዐቢይ ጾም በ2017 እና በ2018 ተደራርበው ገብተው ነበር። የዚያን ጊዜ የጎረቤት ሳህን ልውውጥ ይቀላል፤ የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ይሆናል። ጥንቃቄው ሾርባው ላይ ነው፦ በቅልጥም የተሠራ ሾርባ ለጾመኛ ክርስቲያን አይላክም፤ ለራሴም ሲላክልኝ «የጾም ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ መጠየቁም አያስቀይምም። ረመዳን ስለሚዞር በየዓመቱ አስር ወይም አስራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ እንዲህ መደራረባቸው ሁልጊዜ አይሆንም።

በረመዳን ከደሴ የምመለስበት ሰዓትም ይለወጣል። ሾፌሩም ረዳቱም ጾመኛ ከሆኑ ለአፍጥር ቤታቸው መድረስ ይፈልጋሉ፤ ከ11:30 በኋላ መኪና ይሳሳል፣ የሚገኘውም ይፈጥናል። ቁልቁለት ላይ የተራበና የቸኮለ ሾፌር አያስፈልግም፤ ስለዚህ 10:30 መናኸሪያ እገኛለሁ፣ አለቃዬንም አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሩብ ኪሎ ተምር ይኖራል። አዛን መንገድ ላይ ካለ ተምሩ ከኋላ ወንበር ጀምሮ እጅ በእጅ ይተላለፋል፤ ሾፌሩ ድረስ ሲደርስ ሦስት ፍሬ እንዲተርፍለት ቆጥሬ ነው የምሰጠው።

ቡና የእሁድ ነው። በሳምንቱ ያመለጠኝን ጠዋት ሁሉ እሁድ ለመካስ እሞክራለሁ፦ ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡናና ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፣ በብዙ ቤት ቡናው በዱዓ ስለሚጀመር ከአቦል በፊት እደርሳለሁ፣ በረካ ሳይወርድ አልነሳም። የሰፈሩ ወሬ፣ የታመመ ሰው፣ የተቆረጠ ውሃ፣ የቅሬ መዋጮ ሁሉ የሚነገረው እዚያ ነው። ማን እንደታመመ እዚያ ከሰማሁ ማታውኑ እጠይቃለሁ፤ ሰኞ እንደሆነ ደሴ ነኝ።