የጓሮው ጃኩዚ ማስታወሻ፦ ክዳን፣ በረኪና እና የመብራት ቢል

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው ያለነው። ሌሊቱ በረዶ፣ ውሃው 101 ዲግሪ ፋራናይት (38 ሴልሺየስ ገደማ)፣ የመብራት ቢሉ ደግሞ ከፈራነው በጣም ያነሰ። ጃኩዚ ለመግዛት እያሰባችሁ በቢሉ ወሬ የተዋችሁት፣ ወይም ገዝታችሁ ክዳኑን ዘግታችሁ የረሳችሁት ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

የእኛ ጃኩዚ ያገለገለ ነው። 350 ጋሎን ይይዛል (1,325 ሊትር ገደማ)፣ በ240 ቮልት ይሠራል። በዚህ አገር ያገለገለ ጃኩዚ በርካሽ ይገኛል፤ ቤት የሚቀይሩ ሰዎች አንዳንዴ "ብቻ ኑና አንሱልኝ" ብለው በነፃ ይሰጣሉ። ወጪው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ማጓጓዣው፣ የሚያርፍበት ኮንክሪት፣ ኤሌክትሪሺያኑ። ውሃው ብቻውን 1.3 ቶን ይመዝናል። ገንዳውና ሰዎቹ ሲጨመሩበት ተራ የእንጨት በረንዳ (ዴክ) ላይችለው ስለሚችል መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው። ጂኤፍሲአይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው መከላከያ የሌለበት ጃኩዚ ውስጥ ደግሞ ማንም እግሩን እንዳያስገባ። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ተራ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ባለ 120 ቮልቶች አሉ። ኤሌክትሪሺያን ስለማይፈልጉ ያማልላሉ። ማሞቂያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም ጄቱ (ውሃውን በግፊት የሚረጨው) በኃይል ሲሠራ ማሞቂያውን ያጠፉታል። ለሞቃት አገር ይሆናሉ። ለእኛ የጥር ወር ግን አልመክርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 350 ጋሎን ውሃን ከ50 ወደ 102 ፋራናይት ለማድረስ 45 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በ4 ኪሎዋት ማሞቂያ 11 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን በ15 ሳንቲም ብናስበው 7 ዶላር አይሞላም። ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፤ ግን ይህ ውሃ በተቀየረ ቁጥር አንዴ የሚከፈል ነው። ገንዘቡን የሚበላው ትነት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲሄድ 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የእኛ ገንዳ የላይ ስፋቱ 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ ውሃው አንዲት ሴንቲሜትር ወረደ ማለት 35 ሊትር ተነነ፣ ከ23 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ወደ ሰማይ ወጣ ማለት ነው። ገንዳውን ከባዶ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ግማሹ! የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ክፍት ውሃን ቶሎ ይመጠዋል። (ዴንቨሮች በ1,609 ሜትር ከፍታቸው ሲኩራሩ እኛ አዲስ አበቤዎች ዝም ብለን እንሰማለን።) ስለዚህ የቁጠባው ነገር ዘጠና በመቶ የክዳን ጉዳይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ክዳናችሁን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም፤ በረዶ የጣለ ዕለት ጠዋት ወጥታችሁ እዩት። በረዶው ክዳኑ ላይ እኩል ተኝቶ ካያችሁት ደህና ነው። የእኛ ክዳን ለሁለት በሚታጠፍበት መሀል ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በረዶው ቀልጦ እንደ ቀበቶ ቀጭን ጥቁር መስመር ሠርቶ ነበር። በአንዱ ማዕዘን ደግሞ የሚያመልጠው ተን ጠርዙ ላይ ተመልሶ ረግቶ ትናንሽ የበረዶ ዘንጎች አውጥቷል። ሙቀቱ የት የት እንደሚወጣ ራሱ ሥሎ አሳየኝ ማለት ነው። መታጠፊያው ውስጥ የበር ማሸጊያ ስፖንጅ በርዝመቱ አስገባሁበት፤ የማዕዘኑን ማሰሪያ አጠበቅኩት። ከዚያ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ባለ አየር እንክብል ስስ ፕላስቲክ ገዝቼ በገንዳው ቅርጽ በመቀስ ቆርጬ ከዋናው ክዳን ሥር አነጠፍኩት። ይህ ፕላስቲክ ሦስት ጥቅም አለው፦ ትነቱን እዚያው ውሃው ላይ ያስቀረዋል፣ ዋናውን ክዳን ከእርጥበትና ከክሎሪን ያድናል፣ ዋጋውም ለክዳን ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። በሳምንት የምንሞላው ውሃ በግልጽ ቀነሰ። በቀጣዩ ቢል ላይም ታየ።

ክዳኑ ከከበደ ሌላ ነገር አለ። ውስጡ ያለው ፎም በላስቲክ የተጠቀለለ ነው፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ፎሙ ተን እየጠጣ ይከብዳል። አንድ ሰው በቀላሉ ያነሣው የነበረ ክዳን ሁለት ሰው ከጠየቀ ውሃ ጠጥቷል። እርጥብ ፎም ሙቀት አይይዝም። ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

"ስንወጣ እናጥፋው ወይስ እንተወው?" የሚለው ክርክር እኛም ቤት ነበር። ባለቤቴ ማጥፋት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ መልሶ ማሞቁ ይበልጣል እል ነበር። ፊዚክሱ ለእሷ ያደላል፤ የሚጠፋው ሙቀት በውሃውና በውጭው አየር መካከል ባለው ልዩነት ልክ ስለሆነ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚጠፋውም ይቀንሳል። ግን ምን ያህል? ውጭው 30 ፋራናይት ሆኖ ከ102 ወደ 97 ብታወርዱት ልዩነቱ ከ72 ወደ 67 ነው የሚወርደው፤ ቁጠባው 7 በመቶ ገደማ። በየቀኑ ለሚገባበት ሰው ከፍ ዝቅ ማድረጉ ድካሙን አያክልም። ለሳምንት ስንሄድ ግን ወደ 80 እናወርደዋለን፤ ያኔ የሚጠፋው ሙቀት 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በበረዶ ወራት ግን ጨርሶ ማጥፋት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ከረጋ ቱቦና ፓምፕ ይሰነጥቃል። መብራት ከሄደ ክዳኑን አትክፈቱ። በደንብ የተከደነ ሙሉ ገንዳ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምሠራው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወገቤን ይዤ እገባለሁ። እኛ ሰፈር መብራት ማታ ሰው ሁሉ ቤት በሚገባበት ሰዓት ስለሚወደድ የማጣሪያውን ዙር (ፓምፑ ውሃውን እያዞረ የሚያጣራበትንና የሚያሞቅበትን ሰዓት) ሌሊት ላይ አድርጌዋለሁ፤ እኔ ስደርስ ሞቆ ይጠብቀኛል። ሌላም ትንሽ ነገር፦ ጄቱ ላይ አየር የሚያስገቡትን መክፈቻዎች ካልፈለጋችኋቸው ዝጉ። በዚያ በኩል የሚገባው የውጭው በረዷማ አየር ነው፤ ውሃውን ያቀዘቅዛል፣ አረፋው ደግሞ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት ልክ፤ ሲወርድ አሲድ ይበዛል) ወደ ላይ ይገፋዋል።

ስለ ውሃው ንጽሕና። ሱቅ ውስጥ በሚያምር ጠርሙስ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ጓዳችሁ ውስጥ አለ። "አልካሊኒቲ (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ከፍ ማድረጊያ" የሚባለው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ያው ሶዲየም ባይካርቦኔት። ለእኛ መጠን ውሃ 24 ግራም ያህሉ አልካሊኒቲውን በ10 ፒፒኤም (1 ፒፒኤም በሊትር 1 ሚሊግራም ያህል ነው) ከፍ ያደርጋል። ፒኤች ለማውረድ ደረቅ አሲድ (ሶዲየም ባይሰልፌት) ያስፈልጋል፤ እሱን እንገዛለን።

ክሎሪኑን በሁለት ደረጃ ነው የምሄድበት። ውሃ አዲስ ሲሞላ ዳይክሎር የሚባለውን ዱቄት እጠቀማለሁ። ዳይክሎር 10 ፒፒኤም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 9 ገደማ ሳያኑሪክ አሲድ ይተዋል። ይህ አሲድ ጥቂቱ ክሎሪኑን ስለሚያለዝበው ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ክሎሪኑን ያሰንፈዋል፤ መለኪያው "ሞልቷል" እያለ ውሃው ይደፈርሳል። ስለዚህ ሳያኑሪክ አሲዱ 30 አካባቢ ሲደርስ ዳይክሎሩን ትቼ ወደ ተራ በረኪና እዞራለሁ። በረኪናው ሽታ ያልተጨመረበት፣ ያልወፈረ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ይሁን። 7.5 በመቶ ከሆነ 50 ሚሊ ሊትሩ ለ350 ጋሎን 3 ፒፒኤም ይሰጣል፤ ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰ ነው (ስኒው ከረከቦቱ ላይ የተነሣ እንዳይሆን እንጂ)። ሰው ከገባ በኋላ ደግሞ የሚያስፈልገው ከዚህ ይበልጣል። ወጥተን፣ ጨምረን፣ ፓምፑን ጥቂት አዙረን እንከድናለን። በማግሥቱ የመለኪያ ወረቀቱን ነክሮ ማየት ነው።

ሲዲሲ፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ለጃኩዚ ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒፒኤም፣ በክሎሪን ፋንታ ብሮሚን ከሆነ ከ4 እስከ 8፣ ፒኤቹ ከ7.0 እስከ 7.8 ይሁን ይላል። ክሎሪኑ ከዚህ በታች ሲወርድ ሞቅ ያለው ውሃ ፕሴዶሞናስ ለሚባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ ዋና ልብስ የነካው ቦታ ላይ የሚወጣው ቀይ ሽፍታ የእሱ ሥራ ነው። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ በተኑ በኩል ወደ ሳንባ ይገባል። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ዓይነት ክሎሪን ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ማስረዳት ነበር የከበደኝ። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ጉልበቷን ስላመማት ሐኪሟን ጠይቀን ውሃውን ወደ 98 አወረድንላት። እሷ ፍልውሃ ስትመላለስ ያደገች ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚያ ውሃ ሰበብ እንደሆነ ለልጆቼ ስታወራ ውላ፣ በረኪና ይዤ ስመጣ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ፍልውሃ ላይ ማን በረኪና ደፋበት ልጄ?"

"እሱ እኮ ከመሬት እየፈለቀ ይፈሳል፣ እማዬ። ይሄ ግን ያው ውሃ ነው የሚዞረው።"

"የትናንቱ?"

"የትናንቱ።"

ዝም ብላ አየችውና "እንግዲያውስ ጨምር" አለችኝ።

የቀረው ቅቤው ነበር። ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ በሻሽ ጠቅልላ ነው የገባችው። በነጋታው ጄቱን ስከፍተው አረፋው እስከ ጠርዙ ተነሣ፤ የውሃው ልክ ላይ የገንዳውን ዙሪያ የሚያሟልጭ ቢጫ መስመር ይዞታል፤ ማጣሪያው እጥፋቶች መሀል ደግሞ ረግቶ ተለጥፏል። ለቅቤ ብቻ አይደለም፤ የኮኮናት ዘይት፣ ሎሽን፣ ልብስ ላይ የቀረ ሳሙና ሁሉ ይህንኑ ያደርጋሉ። ማጣሪያ ቅባት ሲይዘው መጀመሪያ ቅባት በሚለቅ ማጽጃ መዘፍዘፍ ነው፤ አሲድ ከቀደመ ቅባቱን እዚያው ያጣብቀዋል። ከዚያ በጎማ ውሃ እጥፋት በእጥፋት ማጠብ። በግፊት ማጠቢያ ማሽን ግን አይሆንም፣ ጨርቁን ይበሳሳዋል። ሁለት ማጣሪያ ገዝቶ ማፈራረቅ ያዋጣል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይደርቃል። አሁን ደንቡ "ሻወር ሳይወስድ የሚገባ የለም" ሆኗል። እማዬም ተስማምታለች፣ ቅቤዋን ዓርብ ማታ በማድረግ።

ሐኪሟ ያሉትም ለሁላችንም ደንብ ሆኗል፦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ወጥቶ ማረፍ። ከ104 ፋራናይት በላይ ለማንም የለም። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትገባም፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም አይገባም። ቢራ ይዞ መግባትም ቀርቷል፤ እንግዶች ቅር ይላቸዋል፣ ይበላቸው።

ውሃ መቼ ይቀየር ለሚለው የታወቀ ስሌት አለ፦ ጋሎኑን ለ3፣ ከዚያ በቀን ለሚገቡት ሰዎች ቁጥር ማካፈል። 350 ለ3፣ ለ2 ሰው ሲካፈል 58 ቀን ይሰጣል። ከመድፋታችን በፊት የቱቦ ማጠቢያ ጨምረን ፓምፑን እናዞረዋለን፤ ቱቦ ውስጥ የተለጠፈው ሽፋን የሚወጣው ያኔ ነው፣ ሲያዩት ደስ አይልም። ክሎሪኑ ዜሮ እስኪገባ ክዳኑን ከፍተን እንጠብቃለን። የመንገዱ የዝናብ ማፋሰሻ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ስለሚሄድ እዚያ አንደፋም፤ ሳሩ ይጠጣዋል።

የቀረኝ ሥራ አዲስ ክዳን ማዘዝ ነው፤ አሮጌው ስፖንጅ ተጨምሮበትም ከብዷል። ለማዘዝ የምትለኩ ካላችሁ ርዝመትና ወርዱ አይበቃም፤ የማዕዘኑ ክብነት ይጠየቃል። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች በሁለቱ ጎኖች አስደግፋችሁ ማዕዘኑ ላይ አገናኟቸው፤ ከተገናኙበት ነጥብ እስከ ገንዳው መታጠፍ እስከሚጀምርበት ያለውን ለኩ። አራቱንም ማዕዘን ለኩ፤ የእኛዎቹ እኩል አይደሉም። የክዳኑንም ሳይሆን የገንዳውን ጠርዝ ለኩ፤ ያረጀ ክዳን ይሸማቀቃል።