ሩሲያኛና አይሪሽን በአማርኛ ጆሮ መጀመር

በዚህ ሳምንት አጎቴ ፊት አንድ ሙሉ ገጽ ሩሲያኛ አነበብኩ። አንድም ቦታ አላስቆሙኝም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «በምን ጀመርሽ? እኛስ በምን እንጀምር?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን እዚሁ ላስፍረው።

አጎቴ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተልከው ከተማሩት ናቸው። ሩሲያኛቸው እስካሁን አልጠፋባቸውም። እህቴ ደግሞ የምትኖረው አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ነው። ልጇ ትምህርት ቤት አይሪሽ ትማራለች። አይሪሽ የእንግሊዝኛ ዘዬ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው ሕገ መንግሥታቸው የአገሪቱ የመጀመሪያ ኦፊሴላዊ ቋንቋ እሱ ነው። ከ2007 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረትም ቋንቋ ሆኗል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ አንዱን ከአጎቴ፣ ሌላውን ከእህቴ ልጅ እየለቀምኩ ነው።

የሩሲያኛ ፊደል አያስፈራችሁ። 33 ነው። የራሱን 33 ሆሄ በ7 እያበዛ ላደገ አበሻ ምንም ማለት አይደለም። የላቲን መስለው የሚያታልሉት ላይ ብቻ ተጠንቀቁ። ፒ የሚመስለው «ር» ነው፣ ኤች የሚመስለው «ን»፣ ቢ የሚመስለው «ቭ»። ይህን ይዛችሁ የአገርና የከተማ ስም ማንበብ ጀምሩ። ሞስኮን፣ አፍሪካን፣ ኢትዮጵያን። ቶሎ ታልፉታላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው መማሪያ ሲፈለግ ነው። ለጀማሪ ያገኘኋቸው መጽሐፎችም መተግበሪያዎችም የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እሱን የሚከብደውን እየነገሩ እኛንም ያስፈራሩናል። ለምሳሌ አንድ አናባቢ አለ፣ «እጅግ አስቸጋሪ ድምፅ» ብለው ገጽ ሙሉ የሚጽፉለት። እኛ ግን በሳድስ ስንናገር ነው የምንውለው። ሩሲያኛው «አይብ» ለማለት የሚጠራውን ቃል አጎቴ ሲሉት «ሥር» አሉ ብዬ ነው የሰማሁት። ያው ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

ሰዋስዉም እንደዚሁ። እንግሊዝኛው መጽሐፍ «ሩሲያውያን መጽሐፍ አለኝ ሲሉ ቃል በቃል እኔ ዘንድ መጽሐፍ አለ ነው የሚሉት» እያለ ይደነቃል። ምን ያስደንቃል? «ኡ ሚንያ የስት ክኒጋ» ማለት «አለኝ» ነው፣ በቃ። አይሪሹም «ታ ልያወር አገም» ይላል፣ እሱም «አለኝ» ነው። ኃላፊ ጊዜ ላይ ሩሲያኛ ለእሱ «ብል» ለእሷ «ብላ» ይላል። እኛ «ነበር፣ ነበረች» አይደል የምንለው? የኔ ምክር፣ የእንግሊዝኛውን ማብራሪያ አንብቡ፣ ደብተራችሁ ላይ ግን በአማርኛ ጻፉት። ግማሹ ማብራሪያ አላስፈላጊ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልግባ። እኔን ያንገላታኝ የድምፅ ጫና ነው።

በሩሲያኛ እያንዳንዱ ቃል ውስጥ ድምፅ የሚጫነው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሌሎቹ አናባቢዎች ይሟሽሻሉ። «ወተት» የሚለው ቃል ሲጻፍ ሦስቱም አናባቢ «ኦ» ነው፣ «ሞሎኮ»። ሲነገር ግን «መላኮ» ነው፣ ጫናው መጨረሻው ላይ። እኛ ደግሞ የተጻፈውን እንዳለ ማንበብ የለመድን ሰዎች ነን። አጎቴ ሰምተውኝ «ዳዊት የምትደግሚ አስመሰልሽው እኮ፣ ሁሉንም እኩል አልሽው» አሉኝ።

ይባስ ብሎ ጫናው ቦታ ይቀይራል። «ውሃ» ባለቤት ሲሆን «ቫዳ» ነው። ተሳቢ ሲሆን «ቮዱ»። ፊደሉ አንድ ነው፣ ድምፁ ሁለት። አንዳንዴ ትርጉሙም ይሄዳል። አንድ ዓይነት የተጻፈ ቃል «ዛመክ» ሲባል ግንብ ነው፣ «ዛሞክ» ሲባል ጓጉንቸር። ጫናው የት እንደሆነ ደግሞ በተራው ጋዜጣና መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ዋና» ሲላላ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኙት ነው፣ ሲጠብቅ ሌላ። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅም እንደዚያው። ጽሑፉ ላይ ምንም ምልክት የለም። እኛ ከዐውዱ እንለየዋለን፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ግን ምን ይይዛል? እኔም ሩሲያኛ ላይ የሱ ቦታ ላይ ነኝ።

ስለዚህ አቋሜ ጠንካራ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ጫናው በምልክት ያልታየበትን ጽሑፍ አትንኩ። ለሕፃናትና ለተማሪ በሚታተሙ መጽሐፎች ላይ ከአናባቢው በላይ ትንሽ ጭረት ይደረጋል። ጭረት የሌለው መማሪያ በነጻ ቢሰጣችሁም ይቅርባችሁ። ሁለት ነጥብ ከላይ ያለው «ዮ» የሚባል ፊደልም አለ። ጫናው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እሱ ላይ ነው። ግን አዋቂዎች ነጥቦቹን ትተው ስለሚጽፉት «ዬ» ይመስላል። ነጥቡን የማይተው መጽሐፍ ፈልጉ።

አዲስ ቃል ሲገጥመኝ ዊክሽነሪ የሚባል የኦንላይን መዝገበ ቃላት ላይ አየዋለሁ። ስሙ በስድስቱም ሙያ (ባለቤት፣ ተሳቢ እያለ) ሲረባ ጫናው የት የት እንደሚሄድ በሰንጠረዥ ያሳያል። ነጻ ነው። ለኔ ከየትኛውም የሚከፈልበት መተግበሪያ ይበልጣል።

ከዚያ ደብተሬ ላይ የምጽፈው በላቲን አይደለም፣ በፊደላችን ነው። «በሌላ ፊደል እየጻፋችሁ አትማሩ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ለላቲኑ እስማማለሁ። ላቲኑ «ኦ»ውን «ኦ» ብሎ ይተወዋል። ግዕዙ ግን የላላውን አናባቢ መያዝ ይችላል። «መላኮ» ብዬ ስጽፍ «መ»ው የሟሸሸው ድምፅ ነው፣ «ላ»ው ትንሽ የተከፈተው፣ «ኮ»ው ጫና ያለበት። ሦስቱ ደረጃ በሦስት ፊደል ቁጭ! «ጥሩ» የሚለውም «ኸራሾ» ነው። ለጀማሪ ይህን ያህል የሚጠቅም መሣሪያ በእጃችን እያለ ለምን እንተወዋለን? የሩሲያኛውን ፊደል ከጎኑ ጻፉ፣ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ።

የመጨረሻው ነገር የአጎቴ ድምፅ ነው። ዓረፍተ ነገር በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። አንዴ ቀስ ብለው፣ አንዴ በተለመደው ፍጥነት አንብበው ይልኩልኛል። እሱን አንኪ ውስጥ አስገባዋለሁ። አንኪ ካርድ እየደጋገመ የሚያስጠና ፕሮግራም ነው፣ በአንድሮይድ ነጻ ነው፣ ካወረዳችሁት በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የካርዱ ፊት ላይ ድምፅ ብቻ ነው የማደርገው። ጽሑፍ ካደረግሁበት ዓይኔ ቀድሞ «ሞሎኮ» ይላል። በዚህ ነገር ግትር ነኝ። ፊቱ ጽሑፍ የሆነ ካርድ ለጀማሪ አይመከርም።

አይሪሽ ላይ ገና ነኝ። ጊዜዬን ሩሲያኛው ወስዶታል። ያገኘሁትን ግን ላካፍል። ቲያንግላን የሚባል ነጻ የኦንላይን መዝገበ ቃላት አለ። ከቃሉ ጋር የሰው ድምፅ አለው፣ ያውም በሦስት የአየርላንድ ክፍለ አገሮች ዘዬ፦ በአልስተር፣ በኮናክት፣ በመንስተር። ጀማሪን የሚያደናግረው ይኸው ነው። «እንዴት ነሽ» እንኳን በሦስቱ አንድ አይደለም። መንስተሮች «ከነስ አታ ቱ» ይላሉ። ኮናክቶች «ኬን ኺ ዊል ቱ»። አንዱን ምረጡና በሱ ጽኑ። ኮርክ መንስተር ውስጥ ስለሆነ የኔ ምርጫ ቀላል ነበር። የእህቴ ልጅ ከሌላው ቀላቅዬ ስልክ ላይ ስናገር «አክስቴ፣ እኛ ጋ እንደሱ አይባልም» ትለኛለች።

በአይሪሽ የቃል መነሻው ይለወጣል። «ቦርድ» ጠረጴዛ ነው፣ «ጠረጴዛው ላይ» ሲሆን ግን «ኤር አን ሞርድ» ይሆናል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ም» ስር ብትፈልጉ አታገኙትም። «አይመጣም»ን «መጣ» ስር እንደምንፈልገው ማሰብ ነው። ግሱ ቀድሞ መምጣቱም አያስጨንቃችሁ። «ይቤ እግዚአብሔር» እየሰማ ያደገ ሰው ይገባዋል።

ለጆሮ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይሪሽ የሚያሰራጭ የጌልታክት (አይሪሽ የሚነገርባቸው አካባቢዎች) ሬዲዮ አለ፣ በኢንተርኔት ይደመጣል። አሁን የሚገባኝ ትንሽ ነው። ቡና ሳፈላ ግን ከፍቼው እውላለሁ።

ሩሲያኛው ላይ ቀጥዬ የምገባው የእንቅስቃሴ ግሶች ላይ ነው፣ በእግር መሄድና በመኪና መሄድ የተለያየ ግስ የሚጠይቁበት። አንድ ነገር ግን እየፈለግሁ ነው። በሶቪየት ዘመን ሞስኮ የታተሙ የሩሲያኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበሩ። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ እዚያ ተምረው ከሆነ መደርደሪያቸውን እዩልኝ። ሐዋሳ ያላችሁ ከሆነ ራሴ መጥቼ ኮፒ አደርጋለሁ። በምላሹ የአጎቴን ቅጂዎች በሙሉ እልክላችኋለሁ፣ እሳቸውም ፈቅደዋል።