ሙሌት ላይ እያለን ጄት መጣ

ሳይታችን ከስታዲየም ብዙ አይርቅም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ስትቆም መስቀል አደባባይ ከነደረጃው ፊትህ ተዘርግቷል። እንዲህ ዓይነት ዕይታ ያለው ሳይት ለሠራተኛ ጥሩ አይደለም፤ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ጠዋት የአምስተኛውን ፎቅ ስላብ፣ ማለትም የወለሉን አርማታ፣ እየሞላን ነበር። ሚክሰሮቹ ታች ተሰልፈዋል። ፓምፑ ይገፋል፣ ቱቦ ያዡ እየተዘዋወረ ያፈሳል፣ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቃጥቀውን ቫይብሬተር የያዘው ከኋላው ይከተለዋል። እኔ ፎርማን ነኝ፤ ሥራዬ ማየት ነው።

በዓል ደርሶ ስለነበር የአየር ኃይል ልምምድ እንደሚኖር ሰምተናል። መጀመሪያ ሄሊኮፕተሮች ባንዲራ አንጠልጥለው በቃሊቲ በኩል መጡ። ቀና ብለን አይተን ሥራችንን ቀጠልን። ከዚያ ግን አራት ጄቶች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ከለገሃር በላይ ብቅ አሉ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ አንዱ ተነጥሎ ሽቅብ ተተኮሰ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ በጀርባው ተገለበጠ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነዘረኝ።

ስልኬን አወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፎርማኑ ስልክ ካወጣ ማን ይሠራል? አናጺው ጠርዙ ላይ ወጣ። ቫይብሬተሩ ዝም አለ። ቱቦ ያዡ አንጋጦ ባለበት ደረቀ። ፓምፑ ግን ሰማይ አያይም፤ መግፋቱን ቀጥሏል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የምታመላልስ የቀን ሠራተኛ ነበረች። "ኧረ በማርያም! እንጨቱ ጎበጠ! አቁሙ!" ብላ ጮኸች። የፓምፑን ሪሞት የያዘው ልጅ ሰምቶ አቆመ።

15 ሳንቲም በሚበቃው ስላብ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ አርማታ ተቆልሏል። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አርማታ 2.4 ቶን ገደማ ይመዝናል። ወርጄ ሳይ ሦስት የባሕር ዛፍ ድጋፎች እንደ ደጋን ጎብጠዋል። ከአንዱ ሥር የገባው ሽብልቅ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከታች ያሉትን አስወጥተን ክምሩን በአካፋ በተንን፤ ከዚያ ድጋፍ ጨመርን። ማንም አልተጎዳም። ጉልበቴ ግን እስከ ምሳ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ምሳ ላይ የሳይታችን ጥበቃ አጠገቤ ተቀመጡ። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ቴክኒሻን ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

"እሺ፣ ቀረጽከው?" አሉኝ።

ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው። ጄት የሚባል የለበትም። ባዶ ሰማይና ድምፅ ብቻ።

ሳቁብኝ። "ድምፁን ተከትለህ ነዋ! ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመምጣት 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ሰዓት እሱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከድምፁ ፊት ፊት ነው የሚታየው።"

ቀጥለው ያሉኝ ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ። "ክንፍ ላይ ያሉት አብራሪዎች ትርኢቱን የሚያዩ ይመስልሃል? መሬትም ሕዝብም አያዩም፤ ዓይናቸው መሪው አውሮፕላን ላይ ነው። ካዘነበለ ያዘነብላሉ፣ ከወጣ ይወጣሉ።" ሻያቸውን ፉት አሉ። "በ1994 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ዩክሬን ውስጥ አንድ ሱ-27 የጦር ጄት ትርኢት እያሳየ ሕዝቡ መሃል ወደቀ። 77 ተመልካች ሞተ። አብራሪዎቹ በወንበራቸው ተስፈንጥረው ተረፉ።" ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ የቀረውን ግማሽ ስንሞላ ልምምዱም ቀጠለ። ጠዋት አስቀድሜ ተናግሬ ነበር፦ የሄሊኮፕተር ድምፅ እንደተሰማ ፓምፕ ይቆማል፣ ቱቦ ይቀመጣል፣ ሁሉም ከጠርዝ ይርቃል። 10 ደቂቃ። መሐንዲሱ ሚክሰር በነጻ አይቆምም ብሎ አጉረመረመ። የጎበጡትን እንጨቶች ሳሳየው ግን ዝም አለ።

ውሃ የምታመላልሰውን ልጅ ላይ አወጣናት። የመጀመሪያ ቀን እሷ ድምፁን እንጂ ጄቱን አላየችም። ሃምሳ አለቃ አጠገቧ ቆመው በጣታቸው ያሳይዋት ነበር፤ "ወደዚያ ሳይሆን ወደዚህ፣ ከፊቱ!"

እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ድጋፍ እየቆጠርኩ ነበር። ጩኸቱ ሕንፃውን አናውጦት አለፈ፣ ላይ ቤት ሁካታ ሆነ።

ትንሽ ቆይታ ባልዲዋን ይዛ ወረደች። "ፎርማን፣ ተገለበጠ እኮ!" አለችኝ።