ፓትሪዮት የቱን ያያል፣ የቱ ያመልጠዋል?

ደሴ ፒያሳ ላይ ራዳር ቢተከል ከጦሳ ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን አያይም። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፣ ተራራ አይዞርም። ኪየቭን የመሰለ ተራራ የሌለው ከተማም ቢሆን ከዚህ ችግር አያመልጥም፤ የምድር ክብነት ዝቅ ብሎ የሚበረውን ክሩዝ ሚሳኤል ይደብቀዋል።

ኪየቭን የሚጠብቀው ፓትሪዮት፣ የሚመጣን ሚሳኤል አየር ላይ የሚመታው የአሜሪካ ሥሪት መከላከያ፣ ራዳሩ የዞረበትን አቅጣጫ እንጂ ዙሪያውን አያይም። ስለዚህ ወዴት ዞሮ ይቁም የሚለው ከሚሳኤሉ ብዛት እኩል ያሳስባል። አንድ ማስወንጨፊያ የሚጭነው የፓትሪዮት ሚሳኤል ፓክ-2 የተባለው ዓይነት ከሆነ 4፣ ፓክ-3 ከሆነ እስከ 16 ነው። ለአንድ ባሊስቲክ ሚሳኤል ሁለት ከተተኮሰ 16ቱ ለ8 ብቻ ነው የሚበቁ። ፓክ-2 አጠገቡ ፈንድቶ በስብርባሪ ይመታል፤ ፓክ-3 ራሱ ይላተመዋል። ያም ሆነ ይህ ብረቱ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳዑዲ ዳህራን የነበረው ፓትሪዮት ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። 0.1 በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ (0 እና 1 ብቻ ባለው) አቆጣጠር ማለቂያ የለውም፤ 24 ቢት (አሃዝ) ላይ ሲቆረጥ ትንሽ ይጎድላል። 100 ሰዓት ሳይጠፋ ሲሠራ ጉድለቱ 0.34 ሰከንድ ሆነ። ኢራቅ የምትተኩሰው ስከድ የተባለ ባሊስቲክ ሚሳኤል በሰከንድ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሚምዘገዘግ፣ ራዳሩ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ስቶ ባዶ ሰማይ ፈለገ። አንድም ሚሳኤል አልተተኮሰም፤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ።

መፍትሔው አጥፍቶ ማብራት ነበር። ፓትሪዮት ለያዙት የጦር ክፍሎች «ለረጅም ጊዜ አታብሩ» ተብሏል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልተነገራቸውም። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።