ዳር ላይ የምትለቅመው ድንቢጥ

መሬት ላይ ከሚለቅሙ ድንቢጦች 20 ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። 10 ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ፤ ቶሎ መቁጠር ከጀመራችሁ የምትመዘግቡት እናንተን መፍራታቸውን ነው። ከዚያ አንዷን ብቻ ምረጡና በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀና ብላ እንደምትቃኝ ቁጠሩ።

ብቻዋን ያለች ወፍ ቶሎ ቶሎ ቀና ትላለች። ብዙ ሲሆኑ ግን ጥበቃው ለሁሉም ስለሚከፋፈል እያንዳንዷ ረጋ ብላ ትለቅማለች። አብሮ መኖር ሸክም ያቀልላል የምንለው እዚህ በቁጥር ይታያል፤ ደስ የሚለውም ይህ ነው። ሸክሙ ግን እኩል አይደለም፦ ዳር ያሉት ከመሃሎቹ ይበልጥ ይቃኛሉ፣ የሚለቅሙበት ጊዜም ያጥራል። ስለዚህ ዳርና መሃሉን ለይታችሁ ጻፉ፤ ከተቀላቀለ ቁጥሩ ያሳስታል።

ሁሉም ድንገት ብር ካሉ ሰማዩን ቃኙ፤ ጭልፊት ሊሆን ይችላል። ያን ደቂቃ ከቆጠራው አውጡት።