ሳንቲም በአቼቶ

የአውቶቡሱን ሹፌር "ኢያም ትሄዳለህ?" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ስልኬን አውጥቼ የመንደሯን ስም አሳየሁት። "አሃ፣ ኢም!" አለና ሳቀ። ከኋላዬ የተሰለፉት አሮጊትም ሳቁ። ጽፈው ጽፈው ግማሹን መዋጥ፣ እንግሊዞች ሲባሉ!

ኢም ሼፊልድ ከተማ አጠገብ ያለች የእንግሊዝ መንደር ናት፤ ከለንደን ሼፊልድ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ተኝቼ ስለነበር ስለ እሱ የምለው የለኝም። አውቶቡሱ ግን 40 ደቂቃ ዝናብ ላይ አቆመኝ። ማደሪያዬ ለአንድ ሌሊት 95 ፓውንድ ነው። ቁርስ ያለበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ 12 ፓውንድ ለብቻው ነው። ማሞቂያው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጠፋ። እናቴ "ጋቢሽን ያዢ" ስትለኝ የሳቅኩት ትዝ እያለኝ ካፖርቴን ለብሼ ተኛሁ።

ጠዋት ወጣሁ። መንደሯ ጠባብ ናት፤ ቤቱ ሁሉ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ቤት ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ሳነበው ድሮ በቸነፈር የሞቱ ሰዎች ስም ነው። እዚህ ቤት እገሌ፣ ሚስቱ፣ ልጆቻቸው። መስኮቱ ላይ ድመት ተኝታለች፤ በሩ ሥር ጭቃ የያዘ ቦቲ ጫማ ቆሟል። ሰው ይኖርበታል እኮ! እኔ ብሆን ሰሌዳውን ገና ሳልገባ ነበር የማስነቅለው።

ነገሩ የጀመረው በ1665 ነው (እዚህ ላይ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ ተላከለት። ጨርቁ ረጥቦ ስለነበር ጆርጅ ቪካርስ የሚባል ረዳቱ እሳት ዳር አሰጣው ይባላል። ቸነፈር የሚያስተላልፍ ቁንጫ ነበረበት። ቪካርስ በሴፕቴምበር ሞተ፤ ከዚያ ጎረቤቶቹ ተከተሉት። ሙዚየሙ ጣሪያ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየውን ብረት በአይጥ ቅርጽ ሠርተውታል። እነዚህ ሰዎች በሞትም ይቀልዳሉ።

በጁን 1666 ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን ሕዝቡን ሰብስቦ "ማንም እንዳይወጣ" አለ። አብሮት የቆመው ቶማስ ስታንሊ ነው፤ አዲሱን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልቀበልም ብሎ ከዚያው ደብር የተባረረ ሰው። ሁለቱ ተስማምተው መንደሩን ዘጉት። ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቶ ጸሎት ሜዳ ላይ ሆነ፤ ሰው ተራርቆ ይቆም ነበር። ወረርሽኙ በ14 ወር ውስጥ 260 ያህል ሰው ጨረሰ።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ቄሱ የራሱን ሁለት ልጆች አስቀድሞ ከመንደሩ አውጥቷቸው ነበር። ሚስቱ ካተሪን ግን ጥዬህ አልሄድም ብላ ቀረች፤ በኦገስት ሞተች። መቃብሯ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ጀግናዋስ እሷ ናት።

የድንበሩን ድንጋይ ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ስሄድ በጎች መሀል ጠፋሁ። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሽማግሌ አገኘሁ። በእጃቸው ብቻ የሚጠቁሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ውሻቸውን መልሰው እስከ ድንጋዩ ሸኙኝ። አገር ቤት ቢሆን የማን ልጅ እንደሆንኩና አግብቼ እንደሆነ ሳልጠየቅ አላልፍም። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ። ስማቸውንም አልነገሩኝም።

ድንጋዩ ላይ ስድስት ቀዳዳ አለ። የመንደሩ ሰዎች በሽታው እንዳይተላለፍ አቼቶ ሞልተውበት ሳንቲሙን እዚያ ውስጥ ይከቱት ነበር፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች ምግብ አስቀምጠው ሳንቲሙን አንስተው ይሄዳሉ። አሁንም ጎብኚ ሳንቲም ይጥልበታል። እኔም አምስት ሳንቲም ጣልኩ፤ የቁርሱ ነገር ስላልወጣልኝ ከዚያ በላይ እጄ አልፈታ አለ።

ከሰዓት ራይሊ ወደሚባለው ሜዳ ወጣሁ። ክብ የድንጋይ አጥር ውስጥ የሃንኮክ ቤተሰብ መቃብር አለ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች። ብቻዋን። እድር የለ፣ ድንኳን የለ፣ ደረት የሚመታላት ጎረቤት የለ። የተረፈላት ልጅ ሼፊልድ ነበርና በኋላ ወደ እሱ ሄደች። እዚያ ጋ ብዙ ቆየሁ። አያቴ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስባ ስታጥን ጭሱ ያሳስለናል ብለን እንነጫነጭባት ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1911ዱን የኅዳር በሽታ እናቷ ነግራታለች፤ ስለ እሱ ግን ብዙ አታወራም፣ ታጥናለች ብቻ። እዚህ ደግሞ በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሁድ ያው ሜዳ ላይ ወጥተው ይጸልያሉ።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ብርድ ስለገባኝ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ወተት የበዛበት ሻይ፣ 3 ፓውንድ ከ20። ሳንቲሜን ቆጥሬ ስዘረጋላት ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። "ይቅርታ፣ ካርድ ብቻ ነው" አለችኝ። "ከኮቪድ ወዲህ ሳንቲም አንነካም።"